ከመቅረጽ በፊት መነጋገር፦ የደሴት ቤተሰቦች ቅርሳቸውንና እውቀታቸውን የሚጠብቁበት መመሪያ

የዝዋይ ሐይቅ፣ ብዙዎች ደምበል የሚሉት፣ አምስት ደሴቶች አሉት። ቱሉ ጉዶ፣ ጸደቻ፣ ፉንዱሮ፣ ደብረ ሲናና ገሊላ። የዛይ ሕዝብ አገር ናቸው። መሬቱ ጠባብ ስለሆነ ተዳፋቱን በድንጋይ እርከን ደግፈው አርሰውታል። ዓሣ ያሰግራሉ፣ ይሸምናሉ። ቤተሰብ ሲበዛ ግን ደሴቱ አልበቃም። ዛሬ ብዙዎቹ ከሐይቁ ወጥተው በባቱ፣ በመቂና በዳርቻው ባሉ መንደሮች ይኖራሉ። አዲስ አበባ የገባም፣ ባሕር ተሻግሮ የሄደም አለ።

ሰው ሲበተን እውቀቱም አብሮ ይበተናል። አያት ደሴት ላይ ናቸው፣ የልጅ ልጅ ከተማ ነው። ዛይኛ ከስልጤኛና ከሐረሪ ጋር የሚዛመድ ሴማዊ ቋንቋ ነው፤ ቤት ውስጥ ይነገራል እንጂ ብዙ አይጻፍም። ልጆቹ ከቤት ሲወጡ የሚሰሙት ኦሮምኛና አማርኛ ነው። ስለዚህ አንድ ሽማግሌ ሲያልፉ አብሯቸው የሚሄደው ብዙ ነው። የትውልድ ቆጠራው፣ የመሬቱ ስም፣ የመድኃኒቱ ዕውቀት፣ የሠርጉ ዘፈን።

ይህ የገባው ልጅ መጀመሪያ የሚያደርገው ስልኩን ማውጣት ነው። አያቱን ይቀርጻል፣ ማታውኑ ቲክቶክ ወይም ቴሌግራም ላይ ይለቀዋል። ልቡ ንጹሕ ነው። ግን አንዴ የተለቀቀ ነገር አይመለስም። እኔ አጥብቄ የምለው አንድ ነገር ነው፦ ስልኩ ከመውጣቱ በፊት ቤተሰቡ ይነጋገር። ማን ይስማ፣ ማን ይያዝ፣ ማን ይወስን የሚለው ቀድሞ ካለቀ የቀረው ሥራ ቀላል ነው። ከዚህ በታች ያለውን የጻፍኩት የዝዋይን ደሴቶች እያሰብኩ ነው። ሕጉና አሠራሩ ግን ለጣና ደሴቶች ቤተሰቦችም ያው ነው።

አንደኛ፦ ቤተሰቡን ሰብስቡና ያላችሁን ቁጠሩ

ለዚህ የተለየ ስብሰባ አትጥሩ። ሰው የሚሰበሰብበት ቀን አለ። የዓመት በዓል፣ የሠርግ ማግስት፣ የተዝካር ቀን፣ የጽዋ ማኅበር። ቡናው ሲፈላ ነገሩን አንሱት። ሐሳቡን የሚያቀርበው ወጣት ባይሆን ይመረጣል። ከቤተሰቡ የሚከበር ሰው ያንሳው፣ ወጣቱ ደብተር ይዞ ይቀመጥ።

በዚያን ቀን ምንም አትቅረጹ። ዝርዝር ብቻ ያዙ። ምን አለን? የትውልድ ቆጠራን እስከ ሰባት ቤት የሚያውቅ ማን ነው? በእናት በኩል ያለውንስ? ይህን የምለው ሲቆጠር አባት አባቱ ብቻ ስለሚጠራ ነው። የሴት አያቶች ስም ከሁለት ትውልድ በላይ ሳይሄድ ይጠፋል፤ እሱን የሚያውቁት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አክስቶች ናቸው። አክስቶችን ለብቻቸው ጠይቁ።

ቀጥሎ ዕቃውን። የድሮ ፎቶ፣ የግብር ደረሰኝ፣ የእድር መዝገብ፣ ደብዳቤ፣ የሽመና ዕቃ፣ ዓሣ ማስገሪያ፣ የብራና መጽሐፍ። ማን ቤት እንዳለና በምን ሁኔታ እንዳለ ጻፉ። ከዚያ በእጅ የማይያዘውን። ዘፈን፣ ተረት፣ ለቅሶ ላይ የሚባል ሙሾ፣ የእርከን አሠራር፣ የዘር አያያዝ፣ የሐይቁ ነፋስ የሚነበብበት መንገድ፣ መድኃኒት። ታሪክም አለ። ለምሳሌ በዮዲት ዘመን ጽላተ ጽዮን ከአክሱም ሸሽታ ቱሉ ጉዶ እንደቆየች በደሴቱ ይተረካል። ያንን የሚያውቅ ሰው ብዙ ነው። የእናንተ ቅድመ አያት በዚያ ታሪክ ውስጥ ምን ነበሩ የሚለውን ግን የምታውቁት እናንተ ብቻ ናችሁ። ከሁሉ አስቀድማችሁ መዝግቡት።

በዝርዝሩ ላይ ከእያንዳንዱ ጎን የሚያውቀውን ሰው ስምና ዕድሜ ጻፉ። ማን መጀመሪያ መቀረጽ እንዳለበት የሚነግራችሁ እሱ ነው። በዕድሜ የገፉትን አስቀድሙ።

ሁለተኛ፦ ለማን የሚለውን ለዩ

ዝርዝሩን ይዛችሁ በሌላ ቀን ተቀመጡ። እያንዳንዱን አንስታችሁ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ ይህንን ማን ሊሰማው ይገባል? አራት ደረጃ ይበቃል። ለማንም የሚሆን፣ ለማኅበረሰቡ ብቻ የሚሆን፣ ለቤተሰብ ብቻ የሚሆን፣ እና ለባለ አደራው ብቻ የሚሆን። ደብተሩ ላይ በአራት ቀለም ምልክት አድርጉ።

የሠርግ ዘፈን ለማንም ሊሆን ይችላል። የዘር ሐረግ ለቤተሰብ ነው፤ ውስጡ የሰው ገመና አለ። ከቤተ ክርስቲያን ጋር የተያያዘው በቤተሰብ ስብሰባ አይወሰንም፣ አባቶችን መጠየቅ ግድ ነው።

መድኃኒት ላይ ቆም በሉ። የአገር መድኃኒት የሚያውቁ ሰዎች እውቀታቸውን ለአንድ ልጃቸው ብቻ የሚያስተላልፉበት ምክንያት አላቸው። ቅጠሉንና መጠኑን ለካሜራ እንዲናገሩ አትለምኗቸው። አዋቂው ማን ናቸው፣ ከማን ወረሱት፣ ለየትኛው ሕመም ይጠየቃሉ፣ ማንን ሊያወርሱ ያስባሉ፤ ይህን ብቻ መዝግቡ። ቅጠሉን የሚያወርሱት ልጅ ከሌለ በራሳቸው ቃል ተጽፎ፣ በፖስታ ታሽጎ፣ እሳቸው የመረጡት ሰው ጋ ይቀመጥ። ፖስታው መቼና በማን እንደሚከፈትም እሳቸው ይናገሩ።

ስልክ ፎቶ ሲያነሳ ቦታውን ጭምር እንደሚመዘግብ አትርሱ። መድኃኒት የሚበቅልበትን፣ የመቃብር ቦታን ወይም ንዋያተ ቅድሳት ያሉበትን ስታነሱ የካሜራውን የቦታ መመዝገቢያ ዝጉት። ሴቲንግ ውስጥ አንድ ቁልፍ መጫን ብቻ ነው።

ሦስተኛ፦ ፈቃዱን በወረቀት አድርጉት

“ከገዛ አያቴ ጋር ምን ወረቀት ያስፈልጋል?” የሚል ብዙ ነው። ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ የቅጂ መብት ሕግ አንድን ድምፅ ቀድቶ ያዘጋጀው ሰው በቅጂው ላይ የራሱ መብት አለው። የተናገሩት ወይም የዘፈኑት ሰውም በበኩላቸው መብት አላቸው። የቀረጸው የአጎት ልጅ፣ የጎረቤት ልጅ ወይም ከከተማ የመጣ እንግዳ ከሆነ ነገ “ቅጂው የእኔ ነው” ቢል መከራከሪያ አለው። ይህን መብት ለሌላ ማስተላለፍ ደግሞ በጽሑፍ ነው የሚፈለገው። በአንድ ገጽ ወረቀት የሚያልቀውን ነገር ሽማግሌ እስከማስቀመጥ አታድርሱት።

ወረቀቱ አጭር ይሁን። እንዲህ ማለት ይበቃል፦

“እኔ ……… ዛሬ ……… ቀን በ……… ቦታ የምናገረውን ……… እንዲቀርጽ ፈቅጃለሁ። ቅጂው የ……… ቤተሰብ ንብረት ነው። የቀረጸው ሰው በቅጂው ላይ ያለውን መብት ለቤተሰቡ አስተላልፏል፤ አይሸጠውም፣ ለሌላ አይሰጠውም፣ በኢንተርኔት አይለቀውም። ሊሰሙት የሚችሉት ……… ናቸው። ሐሳቤን ከቀየርኩ እንዲዘጋ ወይም እንዲጠፋ ማዘዝ እችላለሁ። እኔ ካለፍኩ በኋላ ስለዚህ ቅጂ የሚወስኑት ……… እና ……… ናቸው።”

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር እንዳይቀር። ጠብ የሚነሳው ባለቤቱ ካለፉ በኋላ ነው። ሁለት ሰው ይጠቀስ፤ ቢቻል አንዱ ደሴት ወይም ዳርቻው ላይ የሚኖር፣ አንዱ ራቅ ያለ።

ማንበብ ለማይችሉ ሰው ወረቀቱን በሚገባቸው ቋንቋ፣ በዛይኛ ከሆነም በዛይኛ፣ ቀስ ብላችሁ አንብቡላቸው። እሺታቸውን በድምፅ ቅረጹ። አጠያየቁም ክብር ይኑረው። “አባባ፣ የሚነግሩኝን ልጆቼም እንዲሰሙት ላስቀረው ወይ?” ማለትና “አንዴ ልቅረጽዎት” ማለት አንድ አይደለም። እምቢ ካሉ ተዉ። በሌላ ቀን እሳቸው ራሳቸው ሊያነሱት ይችላሉ።

አራተኛ፦ ድምፁን መቅረጽ

ጥሩ ስልክ ካለ ሌላ መሣሪያ አያስፈልግም። ጧት ቅረጹ። ከሰዓት በኋላ በሐይቁ ላይ ነፋስ ሲነሳ ማይክሮፎን ውስጥ የሚገባው ጩኸት የሰውየውን ድምፅ ይውጠዋል። ቤት ውስጥ፣ ግድግዳው ጭቃ በሆነ፣ ጋቢና ምንጣፍ ባለበት ክፍል ድምፅ ጥርት ብሎ ይቀዳል። ቆርቆሮ ጣሪያ ስር ዝናብ ሲዘንብ አይሆንም።

ስልኩን አውሮፕላን ሞድ ላይ አድርጉት። የታጠፈ ነጠላ ላይ አስቀምጡት እንጂ ጠረጴዛ ላይ ብቻውን አይቀመጥ፤ ሲኒ በተነሳ ቁጥር ይቀዳል። ከተናጋሪው አፍ አንድ ክንድ ያህል ይራቅ። በስልኩ መቅጃ ውስጥ ከፍተኛውን ጥራት ምረጡ፤ ዌቭ የሚል ካለ እሱን። ሰፊ ቦታ ይይዛል፣ ግን አይጎድልም። በዋትስአፕና በቴሌግራም የድምፅ መልእክት አትቅዱ፤ ድምፁን ስለሚያሳንሱት ኋላ ቋንቋውን ሊያጠና የሚፈልግ ልጅ ያጣዋል።

ሲጀመር ቀኑን፣ ቦታውን፣ የተናጋሪውን ስም፣ በክፍሉ ያሉትን ሰዎችና የተፈቀደውን ደረጃ በድምፅ ተናገሩ። ወረቀቱ ቢጠፋ ቅጂው ራሱን ይናገራል። ቀኑን ስትጽፉ የኢትዮጵያም የፈረንጅም ይሁን። 2017 ብሎ ብቻ መጻፍ ከሃያ ዓመት በኋላ ሰባት ስምንት ዓመት ያሳስታል፤ ውጭ አገር ያደገ ልጅ ከፍቶ ሲያየው የትኛው እንደሆነ አያውቅም።

ጥያቄው አይፍጠን። “ስለ ድሮ ይንገሩኝ” ካላችሁ የምታገኙት “ድሮማ ደግ ነበር” ነው። ዕቃ ይዛችሁ ጠይቁ። መረቡን ከፊታቸው አድርጉና ይህ ቀዳዳ ለምን በዚህ ስፋት ሆነ በሉ። መልሱ ስለ ቆሮሶ ይጀምራል፣ ስለ አምባዛ ይቀጥላል፣ ሐይቁ መቼ እንደሸሸ ይመጣል፣ ማን የማን አባት እንደነበር ይከተላል። እጃቸው ሲሠራ አፋቸው ይፈታል። በቪዲዮ ከሆነ ፊታቸውን ብቻ አታንሱ። እርከን የሚጠግን ሰው ድንጋዩን እንዴት እንደሚያገላብጥ፣ የትኛውን ገጽ ወደ ውስጥ እንደሚያደርግ፣ መሃሉን በምን እንደሚሞላ እጁ ላይ ነው ያለው። ካሜራው እጁን ይከተል።

ሰው በመሃል “ይህቺ አትቀዳ” ካለ ወዲያው አጥፉ። ሲጨርስ እንደገና ክፈቱ። አንዴ ቃላችሁን ካከበራችሁ በሁለተኛው ቀን ያልጠበቃችሁትን ይነግሯችኋል።

አምስተኛ፦ ፎቶ፣ ወረቀትና ብራና

የድሮ ፎቶና ሰነድ ላሚኔት አታስደርጉ። ብዙ ቤት የማየው ጉዳት ይህ ነው። ጠበቅኩት ብሎ በፕላስቲክ ያስለብጠዋል፤ ሙቀቱና ሙጫው ወረቀቱ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ ወዲያ ማላቀቅ አይቻልም። የሚጣበቅ ገጽ ያለው አልበምም እንዲሁ ነው። ፎቶዎቹን በቀስታ አውጥታችሁ እያንዳንዱን በንጹሕ ወረቀት ፖስታ ውስጥ አድርጉ። ከተጣበቀ አትላጡት፣ እዚያው እንዳለ አንሱት።

ለማንሳት መስኮት አጠገብ፣ ፀሐይ በቀጥታ የማይመታበት ቦታ ፈልጉ። ፎቶውን ነጭ ወረቀት ላይ አድርጉ። ፍላሽ ዝጉ። ስልኩን ከላይ ቀጥ አድርጉ። ጀርባውንም አንሱ፤ ጀርባው ላይ የፎቶ ቤቱ ማኅተም ወይም የተጻፈ ነገር ሊኖር ይችላል። ስም ለመጻፍ በእስክሪብቶ ሳይሆን በለስላሳ እርሳስ፣ ጀርባው ላይ፣ ጠርዙ ጋ። የማይታወቅ ሰው ካለ ፎቶውን ለአክስቶች ከማሳየት የተሻለ መላ የለም። ሁለት አክስቶች ሲከራከሩ ድምፁን ቅረጹት፣ ክርክሩ ራሱ ታሪክ ነው። ፈቃድ ጠይቃችሁ፣ እርግጥ።

የብራና መጽሐፍ ካለ ጓንት አያስፈልግም። እጃችሁን ታጠቡና በደንብ አድርቁ። የተቀደደውን በስኮች አታያይዙ፣ ዘይት አትቀቡ፣ ፀሐይ ላይ አታስጡ። ማኅደሩ ውስጥ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ ጭስ በማያገኘው ቦታ ይቀመጥ።

ስድስተኛ፦ ማስቀመጥ

በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ይባላል። ስልክ ላይ ያለ ግን መጽሐፍ ላይ እንዳለ አይደለም። ስልክ ይሰረቃል፣ ውኃ ይገባበታል። ሦስት ቅጂ ይኑር። አንዱ የቤተሰቡ ዋና ቤት ባለ ሃርድ ዲስክ፣ አንዱ ሌላ ከተማ ወይም ሌላ አገር ባለ ዘመድ እጅ፣ አንዱ በኢንተርኔት ማከማቻ። “ለባለ አደራው ብቻ” የተባለው በሦስተኛው ላይ አይቀመጥ።

ፋይል ሁሉ ስም ይኑረው። ቀን፣ ቦታ፣ የተናጋሪው ስም፣ ርዕስ፣ ደረጃ። በየዓመቱ በአንድ የታወቀ በዓል ዲስኩን ከፍታችሁ ፋይሎቹ መጫወታቸውን አረጋግጡ። ከአምስት ዓመት በላይ የሆነውን ዲስክ በአዲስ ተኩት። የዲስኩን ዋጋ ውጭ ያሉት ዘመዶች ይሸፍኑ፤ ለምን እንደሆነ ከተነገራቸው እምቢ የሚል የለም። ቅጂ ስለደረሳቸው ግን ወሳኙ እነሱ ይሆናሉ ማለት አይደለም። ውሳኔው በወረቀቱ ላይ ስማቸው ያለው ሰዎች ነው።

መዝገቡ ሲበዛ ሙኩርቱ የሚባል ነፃ ሶፍትዌር አለ። የተጀመረው በአውስትራሊያ ከዋሩሙንጉ ተወላጅ ማኅበረሰብ ጋር ነው። ማን የትኛውን ፋይል ማየት እንደሚችል በባህሉ መሠረት መወሰን ያስችላል። ለአንድ ቤተሰብ ይበዛል። ለአንድ ደሴት ተወላጆች ማኅበር ግን ልክ ነው።

ሰባተኛ፦ ሕጉ የሚሰጣችሁንና የማይሰጣችሁን እወቁ

አራት አዋጅ በስሙ ማወቅ ይጠቅማል። ወረዳ ሄዶ “መብታችን ነው” ከማለት ቁጥሩን መጥራት ሌላ ነገር ነው።

መጀመሪያ አዋጅ ቁጥር 482/1998። ስለ ጄኔቲክ ሀብትና ስለ ማኅበረሰብ እውቀት ነው። ዕፅዋትን፣ እንስሳትንና ዘርን የሚመለከተውን እውቀት ይሸፍናል፤ መድኃኒታችሁና የዘር አያያዛችሁ እዚህ ይገባል። በዚህ አዋጅ ማኅበረሰቡ ቀድሞ ሳይፈቅድ እውቀቱ አይወሰድም። ባህላዊ ወይም የተፈጥሮ ቅርሱን የሚጎዳ ከሆነ የውጭ ሰው ሀብቱን እንዳይወስድ መከልከል ይችላል። ከጄኔቲክ ሀብቱ መንግሥት በገንዘብ ከሚያገኘው ጥቅም 50 በመቶው የማኅበረሰቡ ነው። ከሁሉ የምወደው ሌላው አንቀጽ ነው፦ እውቀቱ ስላልተመዘገበ ጥበቃ አያጣም፣ በጽሑፍ ወይም በቃል ተገልጾ መውጣቱም የማኅበረሰቡን መብት አያስቀርም። “አያታችሁ በሬዲዮ ተናግረውታል እኮ” የሚል ሰው ቢመጣ መልሱ ይህ ነው። እርስ በርስ በልማድ መለዋወጥን አዋጁ አይነካም፤ ጎረቤት ለጎረቤት ዘር ቢሰጥ ፈቃድ የሚጠይቅ የለም። የመውሰጃ ፈቃድ የሚሰጠው የብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው።

የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው። የጻፋችሁትን፣ ያቀናበራችሁትን፣ የቀረጻችሁትን ይጠብቃል፤ ጥበቃው ሥራው ሲፈጠር ይጀምራል፣ ምዝገባ አይጠይቅም። ደራሲው በሕይወት እስካለና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። ለፎቶግራፍ ጊዜው 25 ዓመት ብቻ ነው። ደራሲው የማይታወቅ የጥንት ዜማና ተረት ግን በዚህ ሕግ በደንብ አይሸፈንም። ለዚያ ነው “ሦስተኛ” ብዬ የጠቀስኩት የፈቃድ ወረቀት የሚያስፈልገው፤ ሕጉ ክፍተት ባለበት ስምምነት ይሞላዋል።

የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ደግሞ ለብራናውና ለጥንት ዕቃው ነው። ቅርስ ያለው ሰው ማስመዝገብ አለበት። ማስመዝገብ ማለት መቀማት አይደለም። የተመዘገበ ዕቃ ቢሰረቅ ፎቶውና ልኩ መዝገብ ላይ ስላለ ይፈለጋል፣ ያልተመዘገበው ከመርካቶ ሱቅ አልፎ ከወጣ የእናንተ ለመሆኑ ማስረጃ የለም። ያለ ፈቃድ ከአገር ማስወጣት ክልክል ነው። “ለማሳያ ወስጄ እመልሰዋለሁ” የሚል እንግዳ ቢመጣ ጨዋ ቢሆንም መልሱ አይሆንም ነው።

አራተኛው የንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501/1998። የደሴቱ ወጣቶች በጀልባ ማስጎብኘት ወይም የደረቀ ዓሣ ወይም ጥበብ መሸጥ ቢጀምሩ ምልክታቸውን በጊዜ ያስመዝግቡ። ምዝገባው ለ7 ዓመት ነው፣ ይታደሳል። በማኅበር ቢሆን ይመረጣል። አገሪቱ በ2005 እ.ኤ.አ. ይርጋጨፌን፣ ሐረርንና ሲዳሞን አሜሪካ ውስጥ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመልክታ፣ ከስታርባክስ ጋር ከተከራከረች በኋላ በ2007 ተስማምታለች። ስም ገንዘብ ነው፣ ባለቤቱ ካልያዘው ሌላው ይይዘዋል።

ስምንተኛ፦ አጥኚ ወይም ነጋዴ ሲመጣ

እንግዳ ተቀባይነታችን ይቀጥል። ቡናውን ጠጡ። ግን ከንግግሩ በፊት እነዚህን ጠይቁ። ደብዳቤህ ከየት ነው? ቅጠል፣ ዘር ወይም ናሙና ትወስዳለህ? ከወሰድክ የብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ የታለ? ቅጂው የማን ይሆናል? ሥራው ሲያልቅ በምን ቋንቋ፣ በማን በኩል ይመለስልናል? ስማችን እንዴት ይጻፋል? ንግድ ውስጥ ከገባ ምን እናገኛለን? መልሱን በጽሑፍ ይስጥ፣ አንድ ኮፒ እናንተ ጋ ይቅር። ቀና አጥኚ በዚህ አይከፋም። የሚቸኩልና “ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል” የሚል ከሆነ አትቸኩሉለት።

ይህ ጥንቃቄ የበዛ የሚመስለው ካለ የጤፍን ነገር ያስታውስ። በ2005 እ.ኤ.አ. ከኢትዮጵያ ጋር ውል የገባ የሆላንድ ኩባንያ ነበር። ዘሩን ወሰደ፣ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ በአውሮፓ ፓተንት፣ ማለትም የፈጠራ ባለቤትነት መብት፣ አወጣ፣ ከዚያ ከሰረ። ኢትዮጵያ ከውሉ የተጠበቀውን ጥቅም አላገኘችም። ፓተንቱ በሆላንድ የተሻረው በ2018 ነው፣ የሔግ ፍርድ ቤት አዲስ ፈጠራ የለውም ብሎ። አባቶቻችን ሲፈጩት የኖሩትን ነገር ፈጠራ አይደለም ለማስባል ያን ያህል ዓመት ፈጀ።

የሐዋይ ደሴት ሰዎችም ተመሳሳይ ነገር ገጥሟቸዋል። ካሎ የሚሉት ሥራሥር ምግባቸው ብቻ አይደለም። በትውልድ ታሪካቸው ታላቅ ወንድማቸው ነው፣ ከሰው በፊት የተወለደ። የሐዋይ ዩኒቨርሲቲ በ2002 እ.ኤ.አ. በሦስት የካሎ ዝርያዎች ላይ ፓተንት አወጣ። ገበሬዎቹና የባህሉ ባለቤቶች “ወንድማችን ንብረት አይሆንም” ብለው ተነሱ። በ2006 ዩኒቨርሲቲው ፓተንቶቹን ተወ። የተከራከሩትም የዘር ሐረጋቸውን ከነካሎው እያነሱ ነው። የቤተሰብ ታሪክና የዘር ባለቤትነት አንድ ላይ መያዛቸውን ልብ በሉ።

በግንቦት 2016 ዓ.ም. ደግሞ ጄኔቫ ላይ አንድ ዓለም አቀፍ ስምምነት ጸድቋል። በጄኔቲክ ሀብትና በተያያዘ ባህላዊ እውቀት ላይ የተመሠረተ ፓተንት የሚጠይቅ ሰው ከየት እንዳገኘው እንዲገልጽ ያስገድዳል። ሥራ ላይ የሚውለው 15 አገሮች ሲያጸድቁት ነው። ምንጩ ሲጠየቅ የእናንተ ቀን ያለበት መዝገብ ካለ “ከዚህ የተወሰደ ነው” ማለት ይቻላል።

ዘጠነኛ፦ እጅ ላይ እንዲቆይ

መዝገብ ብቻውን እርከን አይጠግንም። ከተማ ያሉትን ልጆች በክረምት ዕረፍት ወደ ደሴቱ ውሰዷቸው፣ ለጉብኝት ሳይሆን ለሥራ። አንድ ሳምንት ከአያታቸው ጋር ድንጋይ ይሸከሙ። ዛይኛ ባይችሉም የድንጋዩን፣ የአፈሩን፣ የመረቡን ስም በዛይኛ ይማሩ። ቤት ውስጥ በቀን አንድ ሰዓት፣ ለምሳሌ እራት ላይ፣ በዛይኛ ብቻ ማውራት የሚቻልበትን ደንብ ያወጣ ቤተሰብ ብዙ ርቀት ይሄዳል። ውጭ አገር ላሉት የቪዲዮ ጥሪው ለዚሁ ይዋል።

ቀድሞ የወጣ ነገር ካለ

አንዳንዱ ቤተሰብ ይህን የሚያነበው ቪዲዮው ከወጣ በኋላ ነው። መጀመሪያ የለቀቀውን ሰው በስልክ አናግሩት፤ አብዛኛው በአክብሮት ከተጠየቀ ያወርደዋል። ካልሆነ በዩቲዩብም በቲክቶክም ላይ የቅጂ መብት ማመልከቻና የግል ገመና ማመልከቻ አለ። ቅጂው የእናንተ ከሆነ የመጀመሪያውን ሙሉ። የእናንተ ካልሆነ፣ በቪዲዮው ላይ የሚታዩት ሰው ሁለተኛውን ይሙሉ ወይም እሳቸውን ወክሎ ቤተሰብ ይሙላላቸው። ከማመልከታችሁ በፊት የገጹን ፎቶ፣ ሊንኩን፣ ቀኑንና የለቀቀውን አካውንት ስም አስቀምጡ። ከወረደ በኋላ ማስረጃውም አብሮ ይጠፋልና።